የሳሙና ቡችሎች

ቡችላ አልወድም። ይህን ስናገር ሰው ልብ የሌለኝ አድርጎ ያየኛል። መሥሪያ ቤት አንዷ በስልኳ የቡችላ ፎቶ እያሳየችኝ «አያሳሳም?» ስትለኝ ለይሉኝታ ፈገግ እላለሁ፤ ዐይኔ ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ ሆዱ ላይ ያርፋል። ሆዱ ነፋ ያለ ከሆነ የበላሁት ሁሉ ወደ ጉሮሮዬ ይመጣል። ቀጭን ፓስታም አልበላም፤ ሲበሉም አላይም። የወተት ስልባቦት ደግሞ ጭራሽ አይነሳብኝ። ባለቤቴ በነዚህ ነገሮች ስንት ዓመት ሲስቅብኝ ኖሯል። ምክንያቱን ነግሬው ስለማላውቅ አልፈርድበትም።

ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ልብስ አጣቢ ነበረች። ቤታችን ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ ጀርባ ስለነበር የማረፊያው አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ፎጣና የጠረጴዛ ጨርቅ በሙሉ የሚታጠበው በእኛ ግቢ ነው። አባቴ ቆሻሻውን በጋሪ ያመጣል፣ ንጹሑን በጋሪ ይመልሳል። የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ ትተኩሳለች። እናቴ ትዘፈዝፋለች፣ ትቀቅላለች፣ ታለቀልቃለች። እኔ ደግሞ እጠየፋለሁ። ሥራዬ እሱ ነበር ማለት ይቻላል። አባቴ «ወይዘሪት አፍንጫ» እያለ የሚጠራኝ በከንቱ አልነበረም።

ሰው ያደረበት አንሶላ ምን ምን እንደሚይዝ ገና በዚያ ዕድሜዬ አሳምሬ አውቅ ነበር። ፀጉር፣ የከንፈር ቀለም፣ የፈሰሰ ሾርባ፣ ደም፣ አክስቴ «ዞር በይ አንቺ!» ብላ ሳላየው የምትጠቀልለው ሌላ ነገር። እናቴ ይህን ሁሉ በባዶ እጇ ትለያለች። ፊቷ አይለወጥም። እኔ በሩ ላይ አፍንጫዬን በሁለት ጣቴ ይዤ ስቆም ትስቅብኛለች። «ውሃና እሳት ያለበት ቤት ምን ያስፈራል?» ትለኛለች።

ከሁሉም የሚቀፈኝ የመጨረሻው ውሃ ነበር። አንሶላው ሦስት ጊዜ ከተለቀለቀ በኋላ እናቴ ጣቷን ውሃው ውስጥ ነከር ታደርግና ምላሷ ላይ ታሳርፈዋለች። ዐይኗን ጨፈን አድርጋ ለአፍታ ትቆያለች። ከዚያ ወይ «ወጥቷል» ትላለች፣ ወይ «ሳሙና ቀርቶታል» ብላ እንደገና ውሃ ታስቀዳለች። ሳሙናን ከበረኪና፣ በረኪናን ኮሌታ ከሚያቆመው ስታርች በምላሷ ትለያለች። አክስቴ በዚህ ምላስ ትኮራ ነበር፤ «በዚህ ሰፈር እንደሷ ያለ ምላስ የለም» ትላለች። እኔ ግን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያ ውሃ ትናንት የማናውቃቸው ሰዎች ያላቡበት፣ የተኙበት፣ አፍንጫቸውን የጠረጉበት አንሶላ የታጠበበት ውሃ ነው።

ሳሙና የግቢያችን ውሻ ናት። ነጭ ስለሆነች አባቴ ነው ያን ስም ያወጣላት፤ ነጭነቷ ግን ለስሙ ያህል ነው፣ ሁልጊዜ አመድ ለብሳ ነው የምትውለው። ከትልቁ የመቀቀያ በርሜል ጀርባ፣ ሙቀቱ ባለበት፣ በተቀደዱ አንሶላዎች ላይ አምስት ቡችሎች ወለደች። ሦስት ሳምንት ሲሞላቸው እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማልጠየፈው ነገር አገኘሁ። የወተት ሽታ ነበራቸው። በተለይ አንዱ ሆዱ ከእግሮቹ ይቀድም ነበር፤ ሲራመድ ይንከባለላል እንጂ አይሄድም። ኳስ አልኩት።

«እዩት፣ ጠግቦ!» እያልኩ ለመጣ ለሄደው ሁሉ አሳየው ነበር። ሆዱን በጣቴ ነካ ነካ ሳደርገው እንደ ከበሮ ድም ድም ይላል። ከአምስቱ በጣም የበላው እሱ፣ በጣም ያማረበት እሱ፣ የእኔ የሆነው እሱ ነበር። የቀሩት ጎናቸው ሲከሳ፣ ፀጉራቸው ሲደርቅ፣ የሱም እግር ሲቀጥን አላየሁም። ልጅ የሚያየው ሆድ ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጭኔ ላይ አስቀምጬው አሻሸው ነበር። ድንገት አንገቱን ዘረጋ። ሆዱ ሽምቅቅ አለ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ «ኽእ፣ ኽእ» አለና ቀሚሴ ላይ ለብ ያለ ወተት አስመለሰ። ወተቱ ውስጥ ነጭ ክር ነበር። ከአንሶላ የተመዘዘ ክር የዋጠ መሰለኝና በጣቴ ልጎትትለት ያዝኩት።

ክሩ ተጠመዘዘ።

ጣቴ ላይ ተጠመዘዘ። ከጣቴ ይረዝማል፣ ልሙጥ ነው፣ ሁለቱም ጫፉ የሾለ ነው፣ ይሞቃል። አንድ ብቻም አልነበረም። ጭኔ ላይ በፈሰሰው ወተት ውስጥ ሰባት ስምንት የሚሆኑ ተጠላልፈው ይፈታሉ፣ ይጠቀለላሉ፤ አንዱ እንደ ሞላ ጥቅልል ብሎ ዘረጋ አለ። አንደኛው ገና ከኳስ አፍንጫ ግማሹን አውጥቶ ግማሹ ውስጥ ነበር። ሰውነቴ ከጭራሮ ይልቅ ደረቀ። ጩኸቴን የሰማሁት ቆይቼ ነው፤ የሌላ ሰው ጩኸት ይመስል ነበር።

አባቴ ጋሪውን ጥሎ ሮጠ። ቡችላውን አነሳልኝ፣ ቀሚሴን ወደ መሬት አራገፈው፣ ሊያረጋጋኝ ብሎም ቀለደ። «አይዞሽ ወይዘሪት አፍንጫ! ፓስታውን ማን አበላው እሱን?» አለ። ቀልዱ እስከ ዛሬ ድረስ ከሳህኔ ላይ አልተነሳም።

ከዚህ የባሰው ግን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሳሙና ከበርሜሉ ጀርባ ወጣች፣ መሬት ላይ የሚጥመለመለውን አሸተተች፣ ከዚያም ጥርግ አድርጋ ላሰችው። ወተቱንም፣ ወስፋቱንም። ላሰችና የኳስን አፍ ላሰች፣ ቂጡን ላሰች፣ አፏን በምላሷ ጠራርጋ እንደ ማንኛውም እናት ደስ ብሏት ጋደም አለች።

«ኤጭ! ኤጭ! ውሻ ምን ውሻ ቢሆን!» አለች አክስቴ ካውያዋን እንደያዘች። እናቴ በእጇ አፏን ይዛ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደች፤ ስታስመልስ ሰማኋት።

እናቴ ደምና ሰገራ በባዶ እጇ የምታጥብ ሴት ናት። አስመልሳ አታውቅም። ይህን ልብ አልኩ።

በማግስቱ አባቴ የእንስሳት ሐኪም ይዞ መጣ። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር፤ እንስሳ ከመንካቱ በፊትም ከነካ በኋላም እጁን ስለታጠበ እናቴ ወዲያው ወደደችው። ቡችሎቹን አንድ በአንድ እየገለበጠ ድዳቸውን አየ፣ ሆዳቸውን ዳሰሰ። እኔ ከአባቴ ጀርባ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜያለሁ።

«ይሄ ጥጋብ አይደለም» አለ ኳስን በመዳፉ ይዞ። «ወስፋት ነው የነፋው። ከእናቱ ነው ያገኘው።»

«እሷ ደህና አይደለች እንዴ? ምንም አልሆነችም» አለ አባቴ።

«ምንም አትመስልም። በሰውነቷ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ሆድ ስትይዝ ይነቃል። ገና ሳይወለዱ ይገባባቸዋል፣ ከዚያ ደግሞ በጡቷም ወተት ይገባል።»

«እሷስ ከየት አመጣችው?»

«በአፍ ነው የሚገባው። እንቁላሉ በዐይን አይታይም፤ መሬቱም ላይ፣ ፀጉራቸውም ላይ ይኖራል። እሷ እየላሰች ታጸዳቸው የለ? እዚያው መልሳ ትውጠዋለች።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ እኔን አየኝ። «አንቺም እጅሽን በሳሙና ሳትታጠቢ አፍሽ እንዳታስገቢ። ሰውም ይይዛል።»

«ሰውም?» አልኩ።

«ሰውም።»

«እንዴት ይታወቃል?»

ፈገግ አለ። ልጅ ሲጠይቀው ደስ የሚለው ዓይነት ሰው ነበር። «እነዚህን እያቸው። ያስመልሳቸዋል። ምግብ ያስጠላቸዋል። ይከሳሉ፣ ሆዳቸው ግን ይነፋል።» በጣቶቹ እየቆጠረ ነው የነገረኝ። ሰው ላይ እንዲህ አይደለም፤ የውሻ ወስፋት ሰው ሆድ ውስጥ አድጎ ፓስታ አያክልም፤ እሱ የነገረኝ የቡችሎቹን ምልክት ብቻ ነበር። ይህን ኋላ አንብቤ ነው ያወቅኩት። ያን ቀን ግን አራት ጣቱን አየሁና አራቱንም በቃሌ ያዝኩ።

ለአምስቱም ነጭ ዱቄት በወተት በጥብጦ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ አጠጣቸው፤ ለሳሙናም ሰጣት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲደገም ብሎ ስድስት ትናንሽ የወረቀት ጥቅል ለአባቴ ተወለት። አባቴ የሳሙና ዱቄት ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ፣ ባዶ ጣሳ ውስጥ ከተተው። ኳስን ግን ሐኪሙ ሲመልስልኝ «ይሄ ትንሽ ዘግይቷል፤ ሆዱን ዘግቶበት ይሆናል» አለ ለአባቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ኳስ በማግስቱ ሞተ። ሳገኘው ሆዱ ያው ነበር፣ ድርቅ ብሎ የተነፋ። ከበስተኋላው ሦስት ወስፋት ወጥተው አንሶላው ላይ ደርቀዋል። አባቴ በአካፋ አንስቶ ከግቢው ውጭ ቀበረው፣ አንሶላውንም አቃጠለው። «ቀደም ብለን ብናውቅ ኖሮ ይድን ነበር» አለ። እኔ አላለቀስኩም። እጄን ታጠብኩ። ከዚያ እንደገና ታጠብኩ።

ያን ሳምንት እናቴን ማየት ጀመርኩ።

ጠዋት ጠዋት ከበርሜሉ ጀርባ ሄዳ ታስመልሳለች። አንድ። አክስቴ ያቀረበችላትን ምግብ ሽታው እንኳ ሲደርሳት ፊቷን ታዞራለች። ሁለት። ጉንጯ ጎድጉዷል። ሦስት። አራተኛውን ለማየት ፈርቼ ቆየሁና አንድ ቀን ልብሷን ስትቀይር አየሁት፤ ከወገቧ በታች ቀሚሷ ጠቧል፣ ሆዷ ወጣ ብሏል። ድንብልብል ያለ፣ ልሙጥ፣ የተወጠረ።

ወዲያው ጣቷ ታወሰኝ። ነከር ታደርገዋለች፣ ምላሷ ላይ ታሳርፈዋለች። ሳሙና ልጆቿን ስትልስ፣ እናቴ የሰው አንሶላ ውሃ ስትቀምስ። ሐኪሙ በአፍ ነው የሚገባው ብሏል። ነገሩ ሁሉ ልክክ አለልኝ። ከልክክ ማለቱ ብዛት ማታ ምግብ መዋጥ አቃተኝ።

አዋቂዎቹም ያውቃሉ፣ ደብቀውኛል ብዬ አመንኩ። አክስቴና እናቴ የተለቀለቀ አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዘው እየጠመዘዙ ሲንሾካሾኩ ከተሰጣው ልብስ ኋላ ሰምቻቸዋለሁ።

«እትዬ፣ እፈራለሁ» አለች እናቴ። «ያለፉት ሁለቱ በሦስተኛው ወር ነው የወጡት። ይሄም...»

«አፍሽን በአመድ! ይሄ ይቆማል። ብቻ ከባድ አታንሺ። ለማንም አትናገሪ፣ ለልጅቷም። እስኪጠና ድረስ።»

ሁለት ወጥተዋል፣ አንድ ቀርቷል። እኔ የገባኝ እንደዚህ ነበር። የቀረው ደግሞ ትልቁ ነው፣ እናቴ የምትፈራው። ዛሬ ያ ሹክሹክታ ትዝ ሲለኝ ሁለት ሴቶች ውሃ የሚያንጠባጥብ አንሶላ ይዘው ገና ያልተወለደ ልጅ ስም እንኳ ለመጥራት ሲፈሩ ነው የሚታየኝ። ያኔ የታየኝ እናቴ ሆድ ውስጥ ጥቅልል ብሎ ዘረጋ የሚል ነገር ነበር።

እናቴን ተጠየፍኳት። ይህን ማለት አሁንም አፌን ያደርቀዋል፤ ግን ሌላ ቃል የለውም። ስትስመኝ ጉንጬን በሳሙና እታጠባለሁ። ከእሷ ጋር አንድ አልጋ ላይ የምተኛ ልጅ አክስቴ ጋር መተኛት ጀመርኩ፤ ተኝታ ሳለች ከአፏ ወጥቶ ጆሮዬ የሚገባ ነገር ይመጣብኝ ነበር። ወተት ስታፈላልኝ መጀመሪያ እሷ ፉት ብላ ሙቀቱን ትለካና ትሰጠኛለች፤ ሁልጊዜም የምታደርገው ነው። አሁን ግን የከንፈሯን ምልክት ከኩባያው ጠርዝ ላይ አየዋለሁ፣ ላዩ ላይ የረጋው ስልባቦት ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ።

«ጠጪ እንጂ» አለችኝ አንድ ጠዋት።

«ጠግቤያለሁ።»

«ምን በልተሽ ነው የጠገብሽው? ነይ ላጉርስሽ በይ።»

እጇ ወደ አፌ ሲመጣ ጥርሴን ገጥሜ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ወንበሩ ወደቀ። እናቴ እጇን ሰብሰብ አድርጋ ጣቶቿን አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አልተቆጣችም። «እሺ» ብቻ ብላ ምግቡን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። አክስቴ «ይህቺ ልጅ ምን ገባባት?» ስትል ሰማሁ። እናቴም «ተያት፣ አውቃለሁ» አለቻት። ታውቃለች ብዬ ደነገጥኩ።

ግን ሕመሟን ብጠየፍም እናቴ ናት። ኳስ እንዴት እንደሞተ አይቻለሁ። አባቴ «ቀደም ብለን ብናውቅ» ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ቀደም ብዬ አውቄያለሁ። አዋቂዎቹ ተንሾካሹከው ሲያበቁ የሚያደርጉት ነገር የለም፤ መድኃኒቱ ደግሞ ጣሳው ውስጥ ተቀምጧል።

ሒሳቡን ለመሥራት አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። አንድ ጥቅል ለአንድ ቡችላ ነው። እናቴ ስንት ቡችላ ታክላለች? ብዙ። ያሉት ስድስት ናቸው። እንግዲህ ስድስቱም።

አክስቴ ስትተኩስ፣ አባቴ በጋሪ ሲሄድ፣ ወተት ከድስቱ በኩባያ ቀዳሁ። ስልባቦቱን በማንኪያ አንስቼ ስጥለው ሰቀጠጠኝ። ስድስቱን ጥቅል እየፈታሁ ጨመርኩ፣ አራት ማንኪያ ስኳር ደግሞ ከላይ። አማሰልኩና በሁለት እጄ ይዤ፣ እንዳይፈስ እርምጃዬን እየቆጠርኩ፣ ግቢውን አቋርጬ ወሰድኩላት። ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። ቀና ስትል ፊቷ ላብ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ ጠጪ።»

ከአሥር ቀን በኋላ በራሴ እግር ወደ እሷ ስመጣ የመጀመሪያዬ ነበር። እጇን በሽርጧ ጠረገች። ኩባያውን ተቀበለችና ፉት አለች። ዐይኗን ጨፈን አድርጋ ለአፍታ ቆየች፤ ያን የመጨረሻ ውሃ ስትቀምስ እንደምትሆነው። ዐይኗን ገለጠችና ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ኩባያውን ቀና አድርጋ እስከ ታች ድረስ ጨለጠችው፤ ከሥሩ የቀረውን እንኳ አወዛውዛ ጠጣችው።

«ተባረኪ» አለችኝ። ልትስመኝ ስትል ግንባሬን ሰጠኋት። አልታጠብኩትም።

በአራተኛው ቀን እናቴ ሳፋው አጠገብ ወደቀች። አባቴና አክስቴ ደግፈው አስገቧት፣ በሩ ተዘጋ። አክስቴ ትወጣለች፣ የፈላ ውሃ ይዛ ትገባለች፣ ንጹህ አንሶላ ይዛ ትገባለች፤ የእንግዳ ማረፊያውን ምርጥ አንሶላ። ከውስጥ እናቴ ስታቃስት እሰማለሁ። እኔ ደፉ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን አቅፌያለሁ። አልፈራሁም። ቡችሎቹም መድኃኒቱን በጠጡ ጊዜ ሲያቃስቱ ነበር፣ ከዚያ ነው የወጣላቸው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አክስቴ ትንሽ ሳፋ ይዛ ወጣች። በጨርቅ ሸፍናዋለች። ጨርቁ ዳር ዳሩን ቀልቷል። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«አክስቴ፣ ወጣላት?»

አክስቴ ቆመች። ማን እንደነገረኝ ለመጠየቅ እንኳ አቅም አልነበራትም። «ወጣ፣ ልጄ። ወጣ፣ አለቀ» ብላኝ ወደ ጓሮ ሄደች።

እኔ ዘለልኩ። ይህን ነው እንግዲህ እስከ ባለፈው ወር ድረስ ለማንም ያልተናገርኩት። ዘለልኩ፣ አጨበጨብኩ፣ በሩን ከፍቼ ገባሁና አልጋው ላይ ወጣሁ። እናቴ እንደ ትራሱ ነጥታ ተኝታ ነበር። ክፍሉ ደም ደም፣ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ እኔ ወይዘሪት አፍንጫ ምንም አልሸተተኝም። አንገቷን አቅፌ ጉንጯን ሳምኩት፣ አፏን ሳይቀር ሳምኩት።

«ወጣልሽ እማዬ! ሆድሽ ውስጥ የነበረው ወጣልሽ! እንኳን ወጣ! አሁን እንደ ድሮው ሆንን!»

አባቴ «አንቺ ልጅ!» ብሎ ሊያነሳኝ እጁን ሰደደ። እናቴ በእጇ ከለከለችው። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና አየችኝ። ምን ዓይነት አስተያየት እንደነበር የገባኝ ስድስት ዓመት ቆይቶ ነው። «አዎ» አለችኝ። «ወጣ። ነይ ተኚ።» አጠገቧ ተኛሁ። እስኪመሽ ድረስ በእጇ አጎረሰችኝ፣ እኔም ሁሉንም በላሁ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ አክስቴ ስለ እናቴ ጤና ለጎረቤት ስታወራ «ያ የወረደባት ሦስተኛው ደግሞ ወንድ ነበር» ስትል ሰማሁ። የያዝኩት ሳህን አልወደቀም። ዝም ብዬ አስቀመጥኩትና ወጥቼ ከበርሜሉ ጀርባ፣ እሷ ታስመልስበት በነበረው ቦታ፣ አስመለስኩ። ስድስት ጥቅል፣ በዚያ ሐዘን ማንም ያልፈለገው። አንድ ወንድም። ሒሳቡ ቀላል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜዬን በሙሉ ያ ሒሳብ ከእኔ ጋር ኖሯል። ሴት ልጅ ስወልድ አማጥኩ ሳይሆን ተቀጣሁ ብዬ ነው የጮህኩት። አንድ ጊዜ፣ ፊቱን ዳግም የማላየው የእንስሳት ሐኪም ፈልጌ፣ የጓደኛዬ ታሪክ አስመስዬ ጠየቅኩት። አስቦ አስቦ «እንጃ፤ ሁለቴ ያስወረዳት ሴት ሦስተኛውም ያለ ምንም መድኃኒት ሊወርድባት ይችላል። ግን የዱቄቱን ስም ሳላውቅ እሱ አላስወረዳትም ብዬ አልምልልሽም» አለኝ። የፈለግኩት እንዲምልልኝ ስለነበር ሳልሰናበተው ወጣሁ።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። አባቴም አክስቴም አልፈዋል። እጇ በሳሙናና በፈላ ውሃ ተበልቶ ጣቶቿ አይዘረጉም፤ ኩባያ የምትይዘው በሁለት መዳፏ ነው። ባለፈው ወር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወተት አፍልቼ ሰጠኋትና አጠገቧ ልብስ አጥፍ ነበር። ፉት ብላ ለብቻዋ ፈገግ አለች።

«ያን ጊዜ ያመጣሽልኝ ወተት ትዝ ይልሻል? ስኳር መስሎሽ ስታርች የጨመርሽበት?»

እጄ ላይ የነበረው የትራስ ልብስ እንደታጠፈ ቀረ።

«ምላሴ ላይ ዱቄት ዱቄት ሲለኝ ነው ያወቅኩት። ሳሙናም አይደለም፣ በረኪናም አይደለም። እንግዲህ ስታርች ነው አልኩ።»

«አውቀሽ ለምን ጠጣሽው?»

«አንቺ ነሻ ያመጣሽው!» አለች፣ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኳት። «ያን ሰሞን እኮ ጭራሽ አታስጠጊኝም ነበር። ላጉርስሽ ስል ትሸሻለሽ፣ ስስምሽ ትታጠቢያለሽ። ሆድ መያዜን አውቀሽ፣ ቀንተሽ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ልጅ ይቀናል። ወተቱን ስታመጪ ታረቀችኝ ብዬ ደስ አለኝ።»

ኩባያውን አየችው።

«ሲወርድብኝ ጊዜ እንኳን ወጣ ብለሽ ስትዘልይ... እውነቱን ልንገርሽ፣ አንጀቴ ተቆረጠ። ግን ልጅ ነሽ። ያኔውኑ ይቅር ብዬሻለሁ። ይህን ሳልነግርሽ እንዳልሞት ብዬ ነው።»

ሠላሳ አራት ዓመት። እናቴ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ልጄ በወንድሟ ሞት ጨፈረች ብላ አምና አብራኝ በላች፣ ልጄን አሳደገችልኝ፣ ጸጉሬን ሠራችልኝ። ይቅር ያለችኝ ደግሞ ያላደረግኩትን ነው። ያደረግኩትን አታውቅም። ዝም ብል የቀናች ልጅ ሆኜ እቀራለሁ፤ ብናገር ምን ሆኜ እንደምቀር አላውቅም።

«እማዬ» አልኳት። «ስታርች አልነበረም።»

ሁሉንም ነገርኳት። ኳስን፣ ጭኔ ላይ የተጠመዘዘውን፣ ሳሙና ስትልስ ያየሁትን፣ አራቱን የሐኪም ጣቶች፣ ጣቷን ምላሷ ላይ ስታሳርፍ እንዴት ይዘገንነኝ እንደነበር፣ ስድስቱን ጥቅል። ዐይኔን ከትራስ ልብሱ ላይ አላነሳሁም።

እናቴ ኩባያውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ወስፋት?» አለች በመጨረሻ። «ሆዴ ውስጥ ወስፋት አለ ብለሽ ነው የሸሸሽኝ?»

«አዎ።»

«ልትገድይኝ... ልታድኚኝ ነው ያመጣሽው?»

«እንደ ኳስ እንዳትሞቺ ብዬ።»

«የዘለልሽውስ?»

«ዳንሽ ብዬ።»

አፏን በተጣመመ እጇ ከደነችው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰች ብዬ ቀና አልኩ። እየሳቀች ነበር። እየሳቀች እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፣ «ወስፋት! እኔን ወስፋት!» ትላለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ደግሞ ትስቃለች። ከዚያ ሳቁ ቆመና ለቅሶው ብቻ ቀረ። ስለ ዱቄቱ አንድ ቃል አልተናገረችም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም። ስለ ዱቄቱ የምታስበውን አላውቅም፣ ልጠይቃትም ድፍረቱ የለኝም።

«እንዲህ ዓይነት ነገር ይዘሽ ዝም ትያለሽ?» አለችኝ ፊቷን ስትጠርግ።

«አንቺስ?»

ግማሽ የቀረውን ወተት አየችና ኩባያውን በሁለት መዳፏ ወደ እኔ ገፋችው። «በቃኝ። ጨርሺልኝ» አለች።

ወተቱ በርዷል። ላዩ ላይ ስልባቦት ረግቶ፣ ከንፈሯ የነካበት ቦታ ላይ ተጨማዶ ተለጥፏል። ኩባያውን አነሳሁ፣ ከዚያው ከከንፈሯ ቦታ ላይ ጠጣሁ። ስልባቦቱ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። ቋቅ አለኝ።

«ፊትሽን አየሁት» አለች እናቴ።

ዋጥኩት።